ደህና ነኝ ያልኩህ ውሸቴን ነበር

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው። ዓመት ተኩል ሙሉ በደወልክ ቁጥር ያልኩህም ይህንኑ ነው። በኋላማ ጭራሽ ስልክህን ማንሳቱንም ተውኩት። ተቀይመኸኛል፤ አልፈርድብህም። ግን የራቅኩህ አንተ አስቀይመኸኝ አይደለም። ሽንቴ ነው ያራቀኝ። ግዴለህም፣ ሳቅ።

መጀመሪያ ሌሊት አንዴ እነሳ ነበር። ከዚያ ሁለቴ፣ ከዚያ አራቴ። ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም። ሲመጣም ቀጭን፣ ቆረጥ ቀጠል የሚል ነው። ጨረስኩ ብዬ ሱሪዬን ስቆልፍ ጠብታው ይከተለኛል። መንገድ እንውጣ ስትለኝ ሰበብ የምደረድረው ለዚህ ነበር። «መኪናውን በየሰዓቱ አቁምልኝ» ብሎ ላንተ መናገር ሞት መሰለኝ። ባለቤቴ «ታየው እንጂ» ስትለኝ ተቆጣኋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ተረቱን ግን የምንተርተው ለሌላ ሰው ነው።

አንድ ቀን ጉንፋን ያዘኝና የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ክኒን ዋጥኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሽንቴ ጭራሽ እምቢ አለ። ቧንቧ ከፍቼ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ከእምብርቴ በታች እንደ ኳስ ተወጠረ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም። ነርሷ የሚያደነዝዝ ቅባት ቀብታ ቱቦ አስገባችልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁት እፍረት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከረጢቱ ሞልቶ 1 ሊትር ከ200 ሲደርስ እሷ መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ እኔ አለቀስኩ። እፎይታ ነው ያስለቀሰኝ።

ጥፋተኛዋ ፕሮስቴት የምትባለው ዕጢ ናት። ከፊኛ ሥር ተቀምጣለች፤ የሽንት ቱቦው መሐል ለመሐሏ ያልፋል። ዕድሜ ሲገፋ ታብጥና ቱቦውን ታንቀዋለች። 60 አካባቢ ከደረሱ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ይህ እብጠት አለባቸው። ያ የጉንፋን ክኒን ደግሞ የፊኛን አንገት ጡንቻ የሚያጠብቅ ነው፤ ድሮውንም የጠበበውን በር ዘጋው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ክኒን ለሰው ሁሉ ሳዝ ኖሬያለሁ!

እብጠቱ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሁለቱ ግን በአንዲት ዕጢ ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። የኔ ዕጣ ይኸው ሆነ።

ከፕሮስቴት ወደ ደም የሚገባን ፕሮቲን የሚለካ፣ ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ሐኪሙ ያኔውኑ ሊያዝልኝ አልፈለገም። ሽንት ሲታገትም፣ ቱቦ ሲገባም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ያሳስታል አለኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተለካ፤ 7.8 ሆነ። ብዙ ጊዜ ከ4 ሲያልፍ ነው ካንሰር መጠርጠር የሚጀመረው። በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረገውን ምርመራ እንደሆነ ስንቀልድበት የኖርነውን ያህል አይደለም፤ አሥር ሰከንድ ነው። ከዚያ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ከዚያ ከዕጢዋ 12 ቦታ ናሙና ተወሰደ። በሁለቱ ላይ ካንሰር ተገኘ።

ወረቀቱ ላይ «ግሊሰን 6» ይላል። በማይክሮስኮፕ ታይቶ የሚሰጥ ደረጃ ነው፤ እስከ 10 ይሄዳል። «ዝቅተኛው ነው» ሲለኝ ንዴቴ መጣ። ከ10 ስድስት ያመጣ ልጅ አልፏል እንጂ ምን ዝቅተኛ አለው? ለካስ ውጤቱ ሲጀምርም በተግባር ከ6 ነው። 10 ያመጣ ነው ወዮለት።

ቀጥሎ ያለኝ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። «አሁን አናክመውም፣ እንከታተለዋለን።» ካንሰር አለህ፣ በል ወደ ቤትህ ሂድ ይባላል? ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ይህ ዓይነቱ በጣም ቀርፋፋ ነው። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ደግሞ ሽንት መቆጣጠር ሊያሳጡ፣ መኝታ ቤትም ሊያሳፍሩ ይችላሉ። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ደሜን እሰጣለሁ፤ ናሙናውም በዓመቱ ተደግሟል፤ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ2001 በ83 ዓመታቸው ይኸው የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸው በጨረር ታክመዋል። ያረፉት በ95 ዓመታቸው ነው። የሳቸውና የኔ ሕክምና ለየቅል ነው፤ ግን ሌሊት ሌሊት ይህን እያሰብኩ ተጽናንቻለሁ።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልህ ልንገርህ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘን ዕለት ከመጸዳጃ ቤት ወጥተህ «ሽንቴ ቀልቷል፣ ሞቼልሃለሁ» ብለህ ሳቅክ። አመመህ ወይ ስልህ «ምንም» አልክ። በማግስቱ ጠርቷል ብለህ ደወልክ። እኔ ምን አልኩህ? «ሙቀት ይሆናል፣ ውሃ ጠጣበት።» የራሴን ስለደበቅኩ የአንተንም ቶሎ መሸፈን ፈለግኩ እንጂ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ክትትል ላይ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ፊቱ ተቀየረ። ደም ያለ ሕመም በሽንት ከወጣ፣ አንድ ቀን ብቻ እንኳ ቢሆን፣ መታየት አለበት አለ። ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የፊኛ ካንሰርም እንዲሁ ነው የሚጀምረው፤ አንዴ ታይቶ ለወራት ይጠፋል፤ ሰውም ድኛለሁ ብሎ ይተወዋል። «ሲጋራ ያጨሳል?» ብሎ ሲጠይቀኝ አንገቴን ደፋሁ። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ የሚመጣ ነው። መርዙን ኩላሊት ያጣራዋል፤ ከዚያ ፊኛ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሽንትህን ይመረምራሉ፤ ከዚያ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ አስገብተው ውስጡን ያያሉ። ቱቦን እኔ ልንገርህ፤ ይቻላል።

ሳልረሳው፣ ልጅህ 19 ሞላው አይደል? የዘር ፍሬ ካንሰር ወጣቶችን ነው የሚይዘው። የማያም ጠጣር እብጠት ካገኘ ይናገር፤ ቶሎ ከተደረሰበት ሁሉም ማለት ይቻላል ይድናሉ። ድንገት በኃይል ካመመው ግን ፍሬው ዞሮ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። አንተ ካፈርክ እኔ እነግረዋለሁ። እኔ እንደሆን እፍረቴን ያ ከረጢት ውስጥ ጥዬው መጥቻለሁ።

ሰኞ ቀጠሮ ያዝና ደውልልኝ። አብሬህ እሄዳለሁ፣ መኪናውን አንተ ንዳ። የፊኛን አንገት ጡንቻ የሚያላላ ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ መንገድ ላይ የማስቆምህ አንዴ ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሁለቴ።

ያንተው