ዝንጅብል የተዘፈዘፈበት ዘይት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጅማ ሄርማታ መርካቶ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና እርድ እሸጣለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «እትዬ፣ ጀርም የሚገድለው ዘይት አለዎት?» የሚለኝ ደንበኛ በዝቷል። ጥያቄው ከመሬት አልተነሳም። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ መዓዛማ ዘይታቸውም አንዳንድ ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ እንደሚገታ በላቦራቶሪ ተደጋግሞ ታይቷል። በኮረሪማ ፍሬ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሲኒዮል ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስንታጠን አፍንጫችንን የሚከፍተው ያው ንጥረ ነገር። እንዲህ ያሉት ንጥረ ነገሮች የባክቴሪያውን ስስ ሽፋን ያውካሉ። እንደ ኢ. ኮላይ ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ ይቋቋሟቸዋል።

የሚያናድደኝ የሚሸጠው ነገር ነው። «የዝንጅብል ዘይት» ተብለው ከመጡልኝ ጠርሙሶች ብዙዎቹ ዝንጅብል የተዘፈዘፈበት የምግብ ዘይት ናቸው። ለመታሻ ይሁን፣ አልቃወምም። እውነተኛው ግን እንደ አረቄ በእንፋሎት ነው የሚወጣው፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከ1 ኪሎ ደረቅ ዝንጅብል የሚገኘውም ከ10 እስከ 30 ግራም ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ጠርሙስ በዚያ ርካሽ ዋጋ ከየት መጣ?

የአንዷን ደንበኛዬን ዘይት በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጠብ አደረግሁት። ንጹሕ መዓዛማ ዘይት ቀስ በቀስ ተንኖ ያልቃል። ይኼኛው በማግስቱም ወረቀቱን አውዝቶት፣ በፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር ወደ ኋላ አሳልፎ ይነበብ ነበር። ሴትዮዋ የገዛችው ለልጇ ላመረቀዘ ቁስል ነው! ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት። እውነተኛው ቢሆንም ኖሮ ሳይቀጥን በልጅ ገላ ላይ አይፈስም፤ ቆዳ ይለበልባል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ መግታትና ቁስል ማዳንም ለየቅል ናቸው።

የሚመለከተው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሻጮች የዕፅዋቱን ስም፣ ዘይቱ የወጣበትን መንገድና የተቀላቀለበትን ነገር በጠርሙሱ ላይ እንዲጽፉ ያስገድድልን። እናንተም ስለ እነዚህ ዘይቶች ስትጽፉ በእንፋሎት የወጣውን ከተዘፈዘፈው ለይታችሁ ጻፉልን። ኮረሪማ ለወጥና ለቡና የምትፈልጉ ደግሞ ከነቅርፊቱ ግዙ፤ ተፈጭቶ የከረመው ዘይቱ ተንኖ አልቋል፣ ዋጋው ግን አይቀንስም።

የቅመም ነጋዴዋ፣ ከጅማ