ያገለገለ ባንድሶ ስናድስ ቀለም የመጨረሻው ይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ያገለገለ ባንድሶ (በሁለት መዘውሮች ላይ በሚዞር የቀለበት ምላጭ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን) ገዝተው በቤታቸው የሚያድሱ ሰዎች ሥራውን ከቀለም መጀመራቸው ያሳስበኛል። ከክፍያ በፊት ሁለቱን መዘውሮችና ቋሚውን አካል በባትሪ ብርሃን ፈትሹ፤ ተቀልጦ የተሠራ ብረት አንዴ ከተሰነጠቀ ብየዳው አይታመንም። መዘውሩን በእጅ ስታሽከረክሩት የሚያንኳኳ ከሆነ ግን አትደንግጡ፤ ኩሽኔታ በቀላሉ ይቀየራል፣ ቁጥሩም ጎኑ ላይ ተጽፏል።

ዋናው ችግር ያለው መዘውሩን የሚያለብሰው ጎማ ላይ ነው። ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ምላጩም እየተንሸራተተ ይወጣል። አሮጌውን ልጣችሁ የማጣበቂያውን ቅሪት እስከ ብረቱ አጽዱ። አዲሱ ጎማ ከመዘውሩ ጥቂት ጠበብ ያለና ተወጥሮ የሚገባ መሆን አለበት።

ከዚያ ምላጩን የሚወጥረው ሞላ ይታይ። ምላጩ ለዓመታት እንደተወጠረ የተቀመጠ ማሽን ሞላው ይደክማል፤ በደከመ ሞላ ምላጩ አይወጠርም፣ ቆረጣውም ይጣመማል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ምላጩን ማላላት ልማድ ይሁን። ምላጩን ግራና ቀኝ ሆነው የሚደግፉትን የጎን መሪዎች ከምላጩ በአንድ ወረቀት ውፍረት አርቁ፣ መሪዎቹ የምላጩን ጥርስ ግን እንዳይነኩ። ከምላጩ ጀርባ ያለው ኩሽኔታ መሽከርከር ያለበት እንጨት ምላጩን ሲገፋ ብቻ ነው።

ማሽኑን ከአሜሪካ ለሚያመጡ ወገኖች፦ ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ የኛን የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ ወደ 60 አያደርሰውም። ሞተሩ ፍጥነቱን በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ይበልጥም ይግላል። ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ሞተር መግጠም ይሻላል።

የመዘውሮቹ መሸፈኛ የጠፋበትን ማሽን ግን መሸፈኛ ሳታሠሩለት በፍጹም አታስነሱ።

አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ