ድዴን ሲነቅሱኝ የጠየቀኝ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከንፈራቸውንና ዳሌያቸውን ስለሚያስሞሉ ሴቶች ያወጣችሁትን አስተያየት ያነበብኩት እዚሁ ጅማ ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ካስክ ሥር ተቀምጣ ነበርና፣ ቤት ውስጥ ለነበሩት ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጸሐፊው «ይህ ባህላችን አይደለም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፈዋታል። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ፣ የልጃቸው ሹሩባ እስኪያልቅ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ አንድ እናት ሳቃቸው አመለጣቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ቢወስዱም ዘገዩ፤ ድዳቸው ታየ። እንደ እኔ ድድ ጥቁር ነው፣ የተነቀሰ።

እኔ የተነቀስኩት በስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ አባቴን ተከትላ ከጎጃም ጅማ ስትመጣ ወጓን ይዛ ነው የመጣችው። ነቃሽዋን ጠርታ ቡና አፈላች፤ ሁለት ጎረቤቶች እጅና እግሬን ያዙ፣ እናቴ ራሷ ከንፈሬን ገልብጣ ያዘች። ሴትየዋ በክር የተጠመዱ መርፌዎችን የኩራዝ ጥላሸት እያስነከሩ ድዴን ከዳር እስከ ዳር ወጉት። ለሦስት ቀን ያህል ከአጥሚት በቀር በአፌ የዞረ ነገር አልነበረም። ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ፣ ድድም እንዲጠነክር ነው ይባል ነበር። እሺ ብዬ ነበር ወይ? ማን ጠይቆኝ! ነገር ግን ካደግሁ በኋላ መስታወት ፊት ስስቅ ወደድኩት፤ እስከ ዛሬም እወደዋለሁ፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። እንግዲህ ጸሐፊው የሚናፍቁት ባህል እኔ በማውቀው መልኩ ይህ ነው፤ መርፌ፣ ጥላሸት፣ አንዲት ሕፃን፣ በላይዋም አራት ጎልማሳ ሴቶች።

ንቅሳቱስ ቀላሉ ነው። እንጥል የተቆረጠው፣ የወተት ጥርስ ሳይበቅል ከድድ የተፈለፈለው በማን እጅ ነው? ግርዛትስ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶቻችን 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን መዝግቧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ያስቀጣል ካለ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ፀጉር ቤቴ የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ «አላህ የፈጠረውን አትንኩ»፣ «እግዚአብሔር የሠራውን አታበላሹ» የሚለውን ተግሣጽ ከሁለቱም ወገን እሰማለሁ። ተግሣጹን የሚሰጡኝ አንዳንድ ትልልቅ ሴቶች ልጆቻቸውን ያስገረዙ ናቸው። በልጅ ገላ ላይ ሲሆን ወግ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት በራሷ ገላና በራሷ ገንዘብ ስታደርገው ብልግና የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። ፀጉር ለማስተከል ቱርክ ደርሰው የሚመለሱትን ወንዶች «ባህላችን አይደለም» ብሎ የጻፈባቸው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛንን አልፎ ወደ ሱሪዎች አገር የወረደ ሰው፣ የታች ከንፈራቸውን በስተው ሸክላ ያስገቡ ሴቶችን ያያል። ቱሪስቱ ፎቶ ለማንሳት ይከፍላቸዋል። ያንኑ ፎቶ ሆቴሎቻችን አስተልቀው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉና ቅርሳችን ይሉታል። ከፎቶው ሥር ተቀምጣ ማኪያቶ የምትጠጣ ልጅ ከንፈሯ በመርፌ ጥቂት አብጦ ከታየ ግን አስተናጋጁ ሳይቀር ይጠቃቀስባታል።

እርግጥ ነው፣ ልክ ያለፈ ነገርም አለ። ራሱን «ብላክ ኤሊየን» ብሎ የሚጠራ አንድ ፈረንሳዊ አለ፤ ገላውን ሁሉ በቀለም አጥቁሮ፣ ጆሮዎቹን፣ የአፍንጫውን ጫፍና የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አስቆርጧል። ቪዲዮውን ልጆቹ በስልካቸው አሳዩኝ። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጣቱ የራሱ ነው፣ ማን ምን አገባው?» አለች። እኒያ ድዳቸው የተነቀሰው እናት ስልኩን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ብዙ ካዩ በኋላ «እናቱ አለች?» ብለው ጠየቁ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ሆዴ ተገለበጠ ብል ውሸት አይደለም። ቢሆንም እኔን ስላስጠላኝ ይከልከል ማለት አልችልም፤ የእኔ ድድም የሚያስጠላው ሰው ሞልቷል። ፊቷን ደጋግማ አሠርታለች እየተባለች «የድመቷ ሴትዮ» የሚል ስም የወጣላት ጆስሊን ዊልደንስታይን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ እስክታርፍ ድረስ ዓለም ስንት ዓመት ሲስቅባት ኖረ። ያ ሁሉ ሳቅ ማንን ከምን እንዳዳነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ለመናገር መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ።

እኔም ቀላቅያለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት በጅማ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍቶ የፊት ማንጫ ያልቀላቀለ ቢኖር ጥቂት ነው። ከመድኃኒት ቤት ክሎቤታሶል የሚባለውን ቅባት እገዛለሁ፤ ሁለት ቱቦ ከአንድ ትልቅ ሎሽን ጋር አዋህጄ፣ ሎሚ ጠብ አድርጌበት፣ በትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከፍዬ እሸጣለሁ። ክዳኑ ላይ የምጽፈው ዋጋውን ብቻ ነበር። በሁለት ሳምንት ፊት ያበራል፣ ብጉር ይጠፋል፣ ደንበኛ እህቷን ይዛ ትመጣለች። አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ ብላ ጀምራ፣ ከሠርጉም በኋላ ሳታቋርጥ ወደ ሁለት ዓመት ተቀባች። ስታረግዝ ሽታው ስላስጠላት ተወችው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ መብራት አጥፍቼ ልዘጋ ስል፣ ሻርፕ እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። ሻርፑን ስታወርደው ፊቷ እንደ በሰለ ቃሪያ ቀልቷል፤ ጉንጯ ላይ ደም ሥሮቿ እንደ ክር ይታያሉ፣ አገጯ ዙሪያ ፀጉር አብቅላለች፣ ውኃ ሲነካት ያቃጥላታል። «እትዬ፣ የቀቡኝ ምን ነበር?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ሐኪሟም የጠየቃት ይህንኑ ኖሯል፤ መልስ ስላልነበራት ልትጠይቀኝ መምጣቷ ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቅርጫቴን በርብሬ ባዶ ቱቦ አገኘሁና ሰጠኋት። ቅባቱ ስቴሮይድ እንደሚባል፣ ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ጠንካራ መድኃኒት እንደሆነ፣ ሲቆይ ቆዳን እንደሚያሳሳ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ በድንገት ሲያቆሙትም ፊትን እንደዚያ እንደሚያነድ ያወቅሁት ሐኪሙ ነግሯት እሷ መልሳ ስትነግረኝ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ታከመች። እኔ በማግሥቱ የቀረውን ሁሉ ደፋሁ፤ ገቢዬ በግማሽ ወረደ፤ ጎረቤቴ ያለችው ፀጉር ቤት ግን መቀላቀሏን ቀጠለች።

እንግዲህ ያቺ ሙሽራ መርጣ ነበር? ማንም አላስገደዳትም። ከፈለች፣ አመሰገነች፣ ሌላ ደንበኛም አመጣችልኝ። የመረጠችው ግን የሚያበራ ፊት ነው፤ የሚሳሳ ቆዳ ምረጪ ያላት አልነበረም። ወጣቶቹ «ምርጫዬ ነው» ሲሉ እኔ አብሬያቸው ነኝ፤ የመረጡት ነገር ስም ግን ክዳኑ ላይ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። ከሌላ ከተማ መጥተው ሆቴል ክፍል ይዘው፣ በስልክ ደንበኛ ሰብስበው፣ ዳሌና መቀመጫ በመርፌ የሚሞሉ አሉ። አንዷ ደንበኛዬ ባለፈው ዓመት ሄዳ አስሞልታለች። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው፤ ሐኪም መሆኑን አልጠየቀችም፣ እሱም አልነገራትም። ከወራት በኋላ የገባው ነገር ወደ ጭኗ ወርዶ ጓጎለ፤ በቀሚሷ ላይ እጄን ወስዳ አስዳሰሰችኝ፤ እንደ ቡና ፍሬ እየተንከባለለ እጅ ላይ ይቆጠራል። የሰውየው ስልክ አይሠራም። ለእንዲህ ያለ ሙሌት የሚወጋ ፈሳሽ ሲሊኮን፣ ዘይት መሰል ሰው ሠራሽ ነገር፣ ሥጋ ውስጥ ሲለቀቅ ቦታውን ሊለቅ ይችላል፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሳንባ ወይም አንጎል ደርሶ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ከንፈር ለመሙላት የሚጠቀምበት ሃያሉሮኒክ አሲድ ካልተወደደ የሚያሟሟው መድኃኒት አለው። ሲሊኮን ግን እንደ ጅማ በርጩማ ነው፤ ጠራቢው አንዴ ግንዱን ካነሳለት የሚመልስበት መንገድ የለውም።

ሐኪምም ቢሆን ከስጋት ነፃ አይደለም። የሴቷን የራሷን ስብ ወስዶ መቀመጫ ላይ በሚጨምረው ቀዶ ሕክምና፣ ስቡ ጡንቻው ውስጥ ካሉት ትልልቅ ደም ሥሮች ከገባ ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል ይችላል። የውበት ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ሞቱ ከ3,000 ሴቶች አንድ ገደማ ሊሆን እንደሚችል ገምተው፣ ስቡ ጡንቻ ውስጥ እንዳይወጋ አስጠንቅቀዋል። ይህን የሚያህል ስጋት አውቃ የምትገባ ሴት ካለች እኔ መንገድ ላይ ቆሜ አልከለክላትም። አውቃ ግን!

በእንግሊዝ አገር ዎልቨርሃምፕተን በምትባል ከተማ ንቅሳትና ጆሮ መበሳት የሚሠራ ሰው ነበር። በደንበኞቹ ፈቃድ የአንዱን ጆሮ ቆረጠ፣ የሌላውን የጡት ጫፍ አነሳ፣ የአንዷን ምላስ ለሁለት ሰነጠቀ። ተከሰሰና «ፈቅደውልኛል» ብሎ ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ንቅሳቱንና መብሳቱን አልከለከለም፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ግን የደንበኛ ፈቃድ መከላከያ አይሆነውም አለ። በቀጣዩ ዓመት 40 ወር እስር ተፈረደበት። ደንበኞቹን ማንም አልቀጣቸውም። ከዚህ ፍርድ የወደድኩት ይህንን ነው። የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ወቀሳቸውን በሙሉ የተወጋችው ላይ አፍስሰው ስለወጊው አንዲት መስመር አልጻፉም።

የመዋቢያ ዕቃዎችን የሚቆጣጠር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለን፤ የከተማው ጤና ቢሮም አለ። ወደ እኔ ቤት የሚመጡት ንጽሕናዬን ለማየት ነው፤ ፎጣዬን ይቆጥራሉ፣ መጥረጊያዬን ያያሉ፤ በመደርደሪያዬ ላይ ስም የሌለው ዕቃ መኖሩን የጠየቀኝ ተቆጣጣሪ እስከ ዛሬ የለም። በመርፌ የሚገባ ነገር የሚሠራ ሁሉ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ይስቀል፤ ያልሰቀለ ይዘጋ፤ ስም ያልተጻፈበት ቅልቅል የሚሸጥ ፀጉር ቤትም፣ እኔን ጨምሮ፣ ይቀጣ። ይህ ሲባል ዋጋው እንደሚወደድና ገንዘብ የሌላት ልጅ ወደ ጓዳ እንደምትገባ አውቃለሁ፤ መፍትሔው በእጄ የለም። እኔም የምበላው ከመስታወት ፊት ያልረካች ሴት ከምትሰጠኝ ገንዘብ ስለሆነ ጻድቅ መስዬ መታየት አልፈልግም።

አስተያየቱን ባነበብኩበት ቀን ካስክ ሥር የነበረችው ልጅ ባንክ ትሠራለች። ገንዘብ አጠራቅማ ልትሄድ ነው፤ ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም። ተይው አላልኳትም። ሦስት ነገር ጠይቂ አልኳት። የሚወጉሽ ነገር ስሙ ምንድን ነው፣ የሚወጋሽ ሰው ፈቃዱ የታለ፣ ሌሊት ቢያምሽ ስልክ የሚያነሳልሽ ማን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስልኳ ላይ ጻፈቻቸው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችና «እትዬ፣ እስቲ ፀጉሬን ይጨርሱልኝ» አለችኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት፣ ከጅማ