ስለ አባቴ አንድ መስመር አልበቃኝም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። አባቴ ባለፈው ጥቅምት አረፈ። አርባውንም አውጥተናል። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። የተወለደበት፣ የተማረበት፣ የተቀጠረበት፣ የተዛወረበት፣ ጡረታ የወጣበት ዘመን ሁሉ ተጠቀሰ። መጨረሻ ላይ «የ7 ልጆች አባት፣ የ16 የልጅ ልጆች አያት ነበሩ» ተባለና ወረቀቱ ታጠፈ። ያዘጋጀው ዘመዳችን ደክሞበታል፣ አመሰግነዋለሁ። ያቺ የመጨረሻ መስመር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። የአባቴ ሕይወት ዋናው ነገር እሷ ውስጥ ነው ያለው። ቦታ ብትሰጡኝ እሷን ልዘርዝር።

አባቴ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበር። ትውልዱ ደንቢያ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሲገባ ገና ልጅ ነበር። ጣና ዳር ባለው በዚያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ከእነሱ ቤት እናቱንና ሁለት ወንድሞቹን ወሰደ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ያ እልቂት ነበር። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። አባቴ ዕድሜው ሲፈቅድ እዚያ ገባ። መጀመሪያ ረጪ ነበር፣ ኋላ የቡድን መሪ ሆነ።

የዛሬ ልጆች ይህን ሥራ አያውቁትም። ያኔ ዲዲቲ የተባለው የትንኝ ማጥፊያ ዱቄት በውሃ ይበጠበጥ ነበር። በትከሻ በሚንጠለጠል ፓምፕ የቤቱ ግድግዳ ከውስጥ ይረጫል። ትንኟ ሰው ነክሳ ግድግዳ ላይ ስታርፍ መድኃኒቱ ያገኛታል። ከዚያ ቀጣዩ ቤት፣ ከዚያ ቀጣዩ መንደር። መንገድ ባለበት በላንድሮቨር፣ በሌለበት በበቅሎና በእግር፣ ጣና ላይ በታንኳ። ትልቁ ችግር ልቅለቃ ነበር። እናቶች ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤታቸውን በጭቃና በእበት ሲለቀልቁ መድኃኒቱ ከሥር ይቀበራል። አባቴ በየደጁ «እቴቴ፣ መጀመሪያ ይለቅልቁ፣ እኛ ኋላ እንረጫለን» እያለ ሲለምን እንደኖረ አብረውት የሠሩ ሰዎች ለቅሶ ላይ ነገሩን። እኛ ቤት ግን ስለ ሥራው ብዙ አያወራም ነበር። ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ እኛ ነው።

ርጭቱ የክረምት ሥራ ነው። በሽታው ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ስለዚህ እንቁጣጣሽንም መስቀልንም አብዛኛውን ጊዜ ያለ እሱ ነው ያሳለፍነው። እናታችን ዶሮ ሠርታ የእሱን ድርሻ ለጎረቤት ሽማግሌ ትልክ ነበር። ሲመጣ ታዲያ ወዲያው አያቅፈንም። ጓሮ ዞሮ ልብሱን ያወልቃል፣ እናቴ ውሃ ታሞቅለታለች፣ እጁን፣ እግሩን፣ ፀጉሩን ሳይቀር ይታጠባል። መድኃኒቱ እንዳይነካን ነው። እኛ በር ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። ታጥቦ ሲወጣ ከትልቅ እስከ ትንሽ አንድ በአንድ ይስመናል። ታኅሣሥ ላይ ከመጣ የደንቢያ ሽምብራ እሸት በእቅፍ ይዞ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ይደርሰው ነበር።

በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ አባወራ ማድቤት አይገባም። አባቴ ይገባ ነበር። በረሃ ለብቻው ምግብ እያበሰለ የኖረ ሰው ስለሆነ ሽሮውም ገንፎውም ይዋጣለታል። እናቴ አራስ ስትሆን ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል። ገንፎ ያገነፋል፣ የሕፃን ጨርቅ ያጥባል፣ ያሰጣል። አንዳንድ ሰዎች «ምነው ወንድም ጋሼ፣ ሴት ጠፋ ወይ?» ሲሉት «ልጆቹ የእኔም አይደሉ?» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። እሑድ እሑድ ሴቶቹን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ፀጉራችንን ያበጥራል፣ ቅማል ይለቅማል፣ ጥፍራችንን ይቆርጣል። ከስድስት ወር እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ያለን ሁላችንም ተራ እንይዛለን። እንደዚያ የሚያደርግ አባት በሰፈራችን ሌላ አላየሁም። ዛሬም ብዙ አላይም።

ቤት ውስጥ አንድ መዝገብ ነበረው። ከመሥሪያ ቤቱ የተረፈ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ገጽ ገጽ ሰጥቶታል። የተወለደበት ቀን፣ የክርስትና ቀን፣ ክትባት፣ ኩፍኝ፣ የወደቀ ጥርስ፣ የተቀየረ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ከሞተ በኋላ ገለጥነው። የእኔ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሌሊት 9 ሰዓት። አተኮሳት። ደም ታየ፣ የለም። ውሃ ጠጣች። ሲነጋ ተሻላት። እናቷ አልተኛችም።» ደም ታየ፣ የለም ማለቱ ደሜ ተመርምሮ ወባ አልተገኘም ማለቱ ነው። ስለ እናቴ የጻፋትን ያቺን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። እናቴ እንዳልተኛች መዝግቦ ያስቀመጠ እሱ ራሱም አልተኛም ማለት ነው። መዝገቡ የልጅ ልጆቹንም ይዟል። የመጨረሻው ጽሑፍ የታናሽ እህቴ ልጅ መሄድ የጀመረበት ቀን ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሉ ተንጋዷል፣ ግን ይነበባል።

ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ብዙ አልጽፍም። በጎንደር ያለፈበት ያውቀዋል። አባቴ ትልቁን ወንድማችንን በሌሊት ወደ ደንቢያ አውጥቶ ዘመድ ጋር አስቀመጠው። እሱ ራሱ ለሥራ ሲወጣ ጎራ እያለ ያየው ነበር። ወንድማችን በሕይወት የተረፈው በዚህ ነው።

እናታችንን ካላነሳሁ ይህ ደብዳቤ ጎደሎ ነው። አባታችን በሌለበት ወራት ሁሉ ቤቱን ያቆመች እሷ ናት። እሷ ስታርፍ ሊያጽናኑት የመጡትን ሰዎች «ልጆቹን ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ እኔ ስመጣ ስመጣ አግዣት ነው» አላቸው። ትሕትና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከልቡ ያምንበት ነበር። ከዚያ በኋላ የልጅ ልጆቹ ተራ ገብተው አብረውት ያድሩ ጀመር። እኛ አይደለንም ያዘዝናቸው። ራሳቸው ተነጋግረው ነው።

አያት ሲሆን ጡረታ ወጥቶ ስለነበር ለእነሱ ጊዜ ነበረው። እውነቱን ልናገር፣ እኛ ልጆቹ በዚህ ቀንተናል። ለጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። ከበዓሉ ቀናት አስቀድሞ ልጆቹን ይዞ ውሃው ሲሞላ ያሳያቸዋል። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ ትንሹን ትከሻው ላይ ያደርጋል፣ ሌሎቹን እጅ ለእጅ ያያይዛቸዋል። በጥር 12 ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል ሲመለስ አጅበው ይገባሉ። አንድም ዓመት አላስታጎለም። ጉልበቱ ሲደክም ትልልቆቹ እሱን ደግፈው ይወስዱት ጀመር።

መንገድ ላይ የቆመ ውሃ ካየ አያልፍም። ልጆቹን ሰብስቦ ቁጢጥ ይላል። «እዩ፣ ዕጯ ከውሃው ጋር ተጋድማ ከተኛች የወባ ናት። ቁልቁል ተዘቅዝቃ ከተንጠለጠለች ሌላ ናት» ይላቸዋል። ከዚያ ውሃውን ቦይ ቀዶ ያፈስሰዋል። አብረውት ቁጢጥ ብለው ይህን የሰሙ ሕፃናት ለትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው አስተምረዋል። ከእነሱ አንዷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ትማራለች። መተማ በኩል ለሥራ የሄደውን የልጅ ልጁን ደግሞ በየሳምንቱ ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አጎበሩ አልተቀደደም? ትተኛበታለህ?» ብሎ ነው። ሰላምታው ኋላ ይመጣል። እናቱንና ወንድሞቹን በወባ ያጣ ሰው የሚወደውን ሁሉ ከዚያ ለመጠበቅ ዕድሜውን ሰጠ። ለደንቢያ ሰውም ለእኛም ያደረገው ያንኑ ነው።

በጋዜጣችሁ የኀዘን መግለጫና የሙት ዓመት መታሰቢያ አነባለሁ። ፎቶ፣ ስም፣ ማዕረግ፣ ቀን። አባቴም ከፒያሳ ጋዜጣ ገዝቶ ሲመጣ ቅድሚያ የሚያነበው እሱን ነበር። አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። ቤተሰብ ስለ ሟቹ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ጎረቤትነቱ የሚጽፍበት ትንሽ ቦታ ብትከፍቱ። ሹመትና ሽልማት የሌለው ሰው ይበዛል። ልጆቹን ያጠበ፣ ያበላ፣ ሌሊት የነቃ ሰው ግን በየቤቱ አለ። አንባቢዎችም አባትና እናታችሁ በሕይወት ካሉ አሁኑኑ ጠይቋቸው፣ ጻፉት። እኛ መዝገቡን ባናገኝ ብዙ ነገር ይጠፋብን ነበር።

ሌላም ልመና አለኝ፣ ይኸኛው ለእናንተ ለአንባቢዎች ነው። አባታችንን ቤት ውስጥ እናውቀዋለን። በረሃ ላይ የነበረውን አባታችንን ግን አናውቀውም። በቆላ ድባ፣ በጎርጎራ፣ በጣቁሳ፣ በአለፋ፣ በጭልጋ በወባ ማጥፊያ የሠራችሁ፣ ወይም ልጅ ሆናችሁ ቤታችሁ ሲረጭ ያያችሁ፣ የምታስታውሱትን ጻፉልን። ምን ትበሉ ነበር? የት ታድሩ ነበር? ከእናንተ ውስጥ ወባ የያዘው፣ በቅሎ የጣለው፣ በታንኳ የተጨነቀ አለ ወይ? ልጆቼ እነዚህን ይጠይቁኛል። መልስ የለኝም። መዝገቡ ውስጥ ገና ባዶ ገጾች አሉ። የምትልኩልንን በእጃችን እንገለብጥበታለን። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አራተኛ ልጁ
ከጎንደር፣ ማራኪ