ትልቁን ቪ መልሱልን፦ ለቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የስፖርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

በየማለዳው ወደ ሥራ ስሄድ የማሪቢርኖንግን ወንዝ የምሻገረው በኢ. ጄ. ዊተን ድልድይ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ስሙን ከማንበብ በቀር ሰውየው ማን እንደነበረ አላውቅም ነበር፤ የድሮ መሐንዲስ ወይም ከንቲባ ይመስለኝ ነበር። ማንነቱን የነገሩኝ በሜልበርን ሰፈራችን ፉትስክሬይ ውስጥ አጥር የምንጋራቸው አንድ አዛውንት ናቸው።

ያጫወቱኝ በጁን 1995 ስለሆነው ነገር ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ የቪክቶሪያና የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ቡድኖች የአውስትራሊያ ፉትቦል (በሞላላ ኳስ የሚጫወቱትን) ሊጫወቱ ነው። ከጨዋታው በፊት አንድ ክፍት መኪና ቀስ እያለ ሜዳውን መዞር ጀመረ። መኪናው ላይ ድልድዩ በስሙ የተሰየመለት የቀድሞ ተጫዋች ቴድ ዊተን ተቀምጧል፤ ካንሰር አመንምኖታል፣ ዓይኑም ጠፍቷል፤ ልጁ አጠገቡ ሆኖ ደግፎታል። ስታዲየሙ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ዊተን ሊያየው ለማይችለው ሕዝብ እጁን እያውለበለበ ተሰናበተ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን፣ በ62 ዓመቱ ዐረፈ። ጎረቤቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እኔም ዝም ብዬ ቡና ቀዳሁላቸው።

ዊተን ለፉትስክሬይ ክለብ 321 ጨዋታ የተጫወተ የሰፈራችን ሰው ነው። ሐውልቱ በስሙ በተሰየመው ሜዳ በር ላይ ቆሟል። ሆኖም ከክለቡ ማሊያ እኩል፣ ምናልባትም አስበልጦ፣ የሚወደው ደረቱ ላይ ትልቅ ነጭ ‹ቪ› የተሳለበትን ጥቁር ሰማያዊ የክፍለ ግዛቱን ማሊያ ነበር። እንግዲህ ለእርስዎ የምጽፈው ስለዚያ ማሊያ ነው፤ ክፍለ ግዛቶች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ውድድር እንዲመለስልን። በአማርኛ የጻፍኩት ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ቡና የሚጠጡ ወገኖቼ አብረው እንዲያነቡት ብዬ ነው። መንግሥትዎ የጤና መልእክቶቹን በቋንቋችን አስተርጉሞ ሲያደርሰን ኖሯልና፣ ይህንንም አስተርጉሞ እንደሚያነበው አምናለሁ።

ይህ ውድድር ከአገሪቱ ይበልጥ ዕድሜ አለው። ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት ጁላይ 1 ቀን 1879 በኢስት ሜልበርን ሜዳ ሲሆን ቪክቶሪያ 7 ለ 0 አሸነፈች። አውስትራሊያ አንድ አገር የሆነችው ከዚያ 22 ዓመት ቆይቶ ነው። በ1908 ሜልበርን ላይ በተዘጋጀው ታላቅ ውድድር ስድስቱም ክፍለ ግዛቶች፣ ኒውዚላንድም ሳትቀር፣ ቡድኖቻቸውን ላኩ። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ በአደላይድ፣ አንዴ በሲድኒ፣ አንዴ በፐርዝ፣ አንዴ በሆባርት እየተዘዋወረ ቀጠለ።

ነገር ግን ውድድሩ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ጥፋቱም የእኛው የቪክቶሪያ ነው። ገንዘቡ ሜልበርን ስለነበረ የቪክቶሪያ ክለቦች ከየክፍለ ግዛቱ ምርጥ ምርጡን ልጅ እየገዙ አመጡ። በዚያን ጊዜ ተጫዋች የሚሰለፈው ለሚጫወትበት ሊግ ክፍለ ግዛት ነበር። ስለዚህ ፐርዝ ያሳደገችው ታላቁ ግሬም ፋርመር በ1962 ወደ ጂሎንግ ሲመጣ የቪክቶሪያን ማሊያ ለበሰ። የታዝማኒያው ጎል አግቢ ፒተር ሃድሰንም እንዲሁ። ድሆቹ ክፍለ ግዛቶች ልጆቻቸውን አሳድገው ይሰጡና መልሰው በእነዚያው ልጆች ይሸነፋሉ። እንዲያም ሆኖ ታዝማኒያ በ1960 ሎንሰስተን ላይ ቪክቶሪያን በ7 ነጥብ አሸንፋለች፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ በደሴቲቱ ይወሳል።

ይህን ያስተካከለው ሊዮን ላርኪን የሚባል የምዕራብ አውስትራሊያ ሊግ የገበያ ሥራ ኃላፊ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ለአንድ ቀን ብቻ እያንዳንዱ ልጅ ወደ አሳደገችው ክፍለ ግዛት ይመለስ። ኦክቶበር 8 ቀን 1977 ፐርዝ በሚገኘው ሱቢያኮ ሜዳ ተሞከረ። ምዕራብ አውስትራሊያ 23 ጎል አገባች፤ አንድ ጎል ስድስት ነጥብ ስለሆነ 138፣ ከጎሉ ጎን ባለፉት ኳሶች የተገኙት 13 ነጥቦች ሲደመሩ 151። ቪክቶሪያ 57። ለመቶ ዓመት ያህል ‹እነሱ እኮ አይችሉም› ሲባልላቸው የኖሩ ሰዎች ልጆቻቸው ሲመለሱላቸው ምን እንደሚችሉ በአንድ ከሰዓት አሳዩ። ቪክቶሪያዊ ብሆንም ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የራግቢ ሊግ ሰዎች ሐሳቡን በ1980 ወሰዱት። ኒው ሳውዝ ዌልስና ኩዊንስላንድ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ ስታዲየሙም ይሞላል። እኛ ግን የራሳችንን ጣልነው። በ1989 ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ ሲጫወቱ ሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ የተገኘው ተመልካች 91,960 ነበር። ያው ሁለቱ ቡድኖች እዚያው ሜዳ ላይ በ1999 ሲገናኙ 26,063 ሰው ብቻ መጣ፤ የትልቁ አገር አቀፍ ሊግ (የኤኤፍኤል) መደበኛ የክፍለ ግዛት ጨዋታም በዚያው አበቃ። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሊጉ አገር አቀፍ ሲሆን ፐርዝና አደላይድ የየራሳቸውን ክለብ አገኙ፣ ፉክክሩም ወደ ክለብ ዞረ። ክለቦቹ ደግሞ ደመወዝ የሚከፍሉት ተጫዋች ለሌላ ማሊያ ሲሮጥ ጉልበቱ እንዳይሰበርባቸው ፈሩ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን መድን መግባትና ጥሩ ቀን መምረጥ እንጂ ጨዋታውን መቅበር አልነበረም።

ሰው እንዳልረሳው ደግሞ ታይቷል። በ2008 የአውስትራሊያ ፉትቦል 150 ዓመት ሲሞላው ቪክቶሪያ የተጫወተችበትን ግጥሚያ ለማየት 69,294 ሰው መጣ። በፌብሩዋሪ 2020 ለሰደድ እሳት ተጎጂዎች በተዘጋጀው ግጥሚያ በሜልበርኑ ዶክላንድስ ስታዲየም ከ51 ሺህ በላይ ተመልካች ተገኘ። ሴቶቹም በ2017 የክፍለ ግዛታቸውን ማሊያ ለብሰው እዚያው ተጫውተዋል። በቅርቡ ደግሞ ምዕራብ አውስትራሊያና ቪክቶሪያ ለፌብሩዋሪ 14 ቀን 2026 በፐርዝ እንዲጋጠሙ ቀጠሮ ተያዘ። ቀጠሮውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ብቻ እንደ ቀደሙት አንድ ጊዜ ደምቆ እንዳይጠፋ እሠጋለሁ።

ክቡር ሚኒስትር፣ ይህ ጉዳይ እንደኔ ያለውን ስደተኛ ለምን እንደሚያንገበግበው ልንገርዎ። እዚህ አገር የክለብ ደጋፊነት ውርስ ነው። አያት ኮሊንግዉድ ከሆኑ አባት ኮሊንግዉድ ነው፣ ልጁም ኮሊንግዉድ ሆኖ ይወለዳል። የእኔ ልጅ የሚወርሰው ክለብ የለውም። በሰባት ዓመቱ ከትምህርት ቤት መጥቶ ‹አባዬ፣ እኛ የማን ነን?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። የክፍለ ግዛት ማሊያ ግን ውርስ አይጠይቅም። እዚህ ካደግህ ያንተ ነው።

በእኛ አነጋገር የሰው አገሩ እትብቱ የተቀበረበት ነው። የሱቢያኮው ሐሳብ ግን የሚጠይቀው ልጁ ይህችን ሞላላ ኳስ መምታት የተማረበትን ቦታ ነው። የትልቁ ሊግ ተጫዋች አሊር አሊር እትብቱ የተቀበረው በኬንያ ካኩማ መጠለያ ጣቢያ ነው፤ ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ የተገኘው ይህ ልጅ ጨዋታውን የለመደው ግን እዚህ አውስትራሊያ ነው፣ ወደ ትልቁ ሊግም የገባው ከምዕራብ አውስትራሊያው ኢስት ፍሪማንትል ክለብ ነው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተወልዶ ፍሌሚንግተን ሜዳ ላይ ኳስ የጀመረ ልጅ እንዲሁ ሙሉ የቪክቶሪያ ልጅ ነው። ይህ ሕግ በማያሻማ ቋንቋ ተጽፎ ማንም ወላጅ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይውጣ።

ሊጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳልሆነ አውቃለሁ። መንግሥትዎ ግን ከሊጉ ጋር ማዕድ ይቀርባል። በ2018 ለዶክላንድስ ስታዲየም 225 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የዋንጫው ፍጻሜ ለአሥርት ዓመታት ከሜልበርን እንዳይወጣ ተስማምቷል፤ የፍጻሜው ዋዜማ ዓርብም ከ2015 ጀምሮ የሕዝብ በዓል ነው። የዋዜማውን ቀን በዓል ያደረገ መንግሥት ለክፍለ ግዛቱ ማሊያ በዓመት አንድ ቀን ቢጠይቅ ሊጉ ሊሰማው ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትነጋገሩ ይህን አንሡልን፤ ቀኑ ቋሚ ይሁን፣ ሜዳውም ሁልጊዜ ሜልበርን አይሁን። በተለይ ታዝማኒያ አትረሳ። በ1990 ሆባርት ላይ ቪክቶሪያን በ33 ነጥብ ያሸነፈች ደሴት በትልቁ ሊግ የራሷን ክለብ የምታየው ገና በ2028 ነው።

እስከዚያው በእጅዎ ያለ ነገር አለ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዛሬም በየዓመቱ በክፍለ ግዛት ተከፍለው ይጫወታሉ፤ ቪክቶሪያም የከተማና የገጠር ብላ ሁለት ቡድን ታሰልፋለች። እንዲያ ያለ ግጥሚያ መኖሩን በሰፈራችን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ እንኳ በዊተን ሜዳ ይደረግ፣ በአካባቢው ላሉ ተማሪዎች መግቢያው በነጻ ይሁን፣ ማስታወቂያውም በአማርኛ፣ በቬትናምኛና በሶማሊኛ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ይለጠፍ። ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ጎረቤቴንም ሐውልቱ አጠገብ እንዲጠብቁን እነግራቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፉትስክሬይ ነዋሪ የሆነ አንድ አባት