ድምፃቸውን የተነጠቁት ባለ 40 ሽልንጎች

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አየርላንዳዊው የካቶሊኮች መሪ ስለ ዳንኤል ኦኮነል ያወጣችሁት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የ1829ኙ ሕግ ለካቶሊኮች የብሪታንያን ፓርላማ በር መክፈቱን አወድሶ ዋጋውን ዘሎታል። በ1828 በአየርላንድ ክሌር አውራጃ ኦኮነልን 2,057 ለ982 በሆነ ድምፅ ያስመረጡት በዓመት 40 ሽልንግ (2 ፓውንድ) የሚያወጣ ይዞታ የነበራቸው ገበሬዎች ናቸው። አብሮ የወጣው ሌላ ሕግ ግን መስፈርቱን አምስት እጥፍ፣ ወደ 10 ፓውንድ፣ አሳደገና እነዚያኑ ሰዎች ከመራጭነት ሰረዛቸው። ከ1824 ጀምሮ በወር 1 ፔኒ እያዋጡ የካቶሊኮችን የመብት ትግል ደግፈው ያቆሙትም እንደነሱ ያሉ ድሆች ነበሩ።

ኦኮነልም ቢሆን ወዲያው ፓርላማ አልገባም። የተመረጠው ከሕጉ በፊት በመሆኑና ሕጉ ወደ ኋላ ስለማይሠራ፣ በግንቦት 1829 የሮሙን ጳጳስ ሥልጣን የሚክደውን የድሮውን መሐላ ማል ተባለ። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና እምቢ አለ። ወንበሩ ክፍት ተብሎ በሐምሌ ያለ ተፎካካሪ ዳግመኛ ተመረጠ።

አንድ አንባቢያችሁ