የእኛን ሰዓት ማን ይቁጠረው? ለፌዴራል የመንገድ ደህንነት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

እዚህ አሜሪካ የእኛን የካርጎ ቫን ሹፌሮችን የሥራ ሰዓት የሚገድብ የፌዴራል ደንብ የለም። ይህንኑ ጉዳይ ቀደም ሲል በእንግሊዝኛ፣ ቅጽ ሞልቼና ፎቶ አያይዤ አመልክቼ ነበር። የደረሰኝ መልስ «ተሽከርካሪው ከ10,001 ፓውንድ በታች ስለሆነ ደንቡ አይመለከተውም» የሚል አጭር ኢሜይል ነው። ደጋግሜ ብጽፍም ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ስለዚህ አሁን በአማርኛ ጻፍኩ። እናንተ ባታነቡት፣ ሌሊት ቫን የሚነዱት የአገሬ ልጆች ያነቡታል።

ደንቡን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለሌላው አንባቢ ብዬ ግን ላንሳው። ከስቴት ስቴት ዕቃ የሚያመላልስ የትራክ ሹፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። ሥራ ከገባ 14 ሰዓት ከሞላውም የቀረው ሰዓት ኖረም አልኖረም ማቆም አለበት። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ወዲህ ይህን ሁሉ ትራኩ ላይ የሚገጠመው የሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ፣ ኢኤልዲው፣ ይቆጥርለታል። ሥራ የሚመድብለት ዲስፓቸሩ ቢጮህ «ሰዓቴ አልቋል» ብሎ ይተኛል። ይህ የሚሆነው ግን አምራቹ በሹፌሩ በር ላይ የለጠፈው የክብደት መጠን ወይም መኪናው ከነጭነቱ የሚመዝነው 10,001 ፓውንድ ሲደርስ ነው። እኛ የምንነዳው ካርጎ ቫን 9,000 ምናምን ይላል። እንቅልፍ በፓውንድ እንደሚመዘን የተማርኩት ከእናንተ ኢሜይል ነው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከንጋት ጀምሮ ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓኬጅ ሲያድል ዋለ። ማታ ቫኑን ሊመልስ ሲል ዲስፓቸሩ ደወለለት፤ ለጠዋት አትላንታ የሚደርስ ሎድ (ጭነት) አለ። ከ600 ማይል በላይ ነው። ደክሞኛል አለው። «ቫን ሎግ (የሰዓት መዝገብ) የለውም፣ ምን ያስፈራሃል? ካልሄድክ ነገ አትምጣ» ተባለ። ሄደ። ኢንተርስቴት 85 ላይ፣ ሻርለት ሳይደርስ፣ እንቅልፍ ወስዶት ከመንገድ ወጣ። እግሩ ተሰበረ። ማንንም ባይገጭ እግዜር ረድቶት ነው።

የኢንሹራንሱ ሰው ሲጠይቀው ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ያን ቀን ስንት ሰዓት ሠርተሃል? ማስረጃ አለህ?» የሚል ነበር። የለውም። ኩባንያው «በ1099 የታክስ ቅጽ የሚሠራ ኮንትራክተር ነው እንጂ ቅጥር ሠራተኛችን አይደለም፣ ሰዓቱን እኛ አንይዝም» አለ። እንግዲህ ይኼ ኩባንያ ስልካችን ላይ በጫነው አፕ በየደቂቃው የት እንዳለን ያያል። ፍሬን አጥብቀን ስንይዝ ነጥብ ይቀንሳል። የትኛው በር ላይ የትኛውን ካርቶን እንዳስቀመጥን ፎቶው አለው። ሰዓቱ ብቻ ጠፋበት!

የትራክ ሹፌርን ከሰዓቱ በላይ እንዲነዳ ማስገደድ በራሳችሁ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያስቀጣል። ለቫን ሹፌር የተደወለው ያ ስልክ ግን በእናንተ ደንብ ምንም ጥፋት የለበትም። ያው መንገድ፣ ያው ሌሊት፣ አንዳንዴም ያው ጭነት ነው።

ኢኤልዲ ግጠሙልን አላልኩም። በ150 የአየር ማይል (በቀጥታ መስመር ሲለካ) ውስጥ ሠርቶ በ14 ሰዓት ውስጥ ወደ መነሻው የሚመለስ የትራክ ሹፌር ሎግ አይሞላም፤ ኩባንያው ግን የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መዝግቦ ለ6 ወር ማስቀመጥ አለበት። ቢያንስ ይህቺን ለእኛም አድርጉልን፤ ቅጂውም ለሹፌሩ ይሰጠው። አፕ እንደሆነ አላቸው።

«ሥልጣናችን እስከዚያ አይደርስም፣ ኮንግረስ ነው» የምትሉ ከሆነ እሱንም በጽሑፍ ስጡኝ፤ ወዴት እንደምሄድ ልወቅ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ አሁንም እየደወለ ነው።

አንድ የቫን ሹፌር
ሰሜን ቨርጂኒያ